የኑግ ዘይት ፈሳሽ፣ የፍየሌ ሞራ ሻማ፤ መሃል ላይ ምን ተፈጠረ?

ወጠጤው፦
ሰላም ለሁላችሁ። ባቱ አካባቢ ነኝ፣ ፍየል ማደለብ ከጀመርኩ ገና ሁለተኛ ዓመቴ ነው። ዘንድሮ ለፋሲካ ብዬ 12 ወንድ ፍየል ገዛሁ። ጎረቤቴ ምግብ ቤት አለው፣ ፓስቲና ድንች የጠበሰበትን የሱፍ ዘይት በየሁለት ቀኑ ሲደፋ አያለሁ። ዘይት ስብ ነው፣ ስብ ደግሞ ያወፍራል ብዬ ለአራቱ በቀን አንድ አንድ የቡና ሲኒ ገለባቸው ላይ አፈሰስኩላቸው። ስምንቱን እንደ ወትሮው በፉርሽካና በኑግ ፋጉሎ (ኑጉ ዘይቱ ከተጨመቀ በኋላ የሚቀረው) ያዝኳቸው።

ሳምንት ሳይሞላ አራቱ ገለባውን ማሽተት ብቻ ሆነ ሥራቸው። በጠጣቸው ላልቶ እንደ እበት ሆነ። ማመስኳታቸውም ቀነሰ። በወሩ ስመዝን ስምንቱ በአማካይ ወደ ሁለት ኪሎ ጨምረዋል፣ አራቱ ጭራሽ ከገዛኋቸውም ቀንሰዋል። ፍየል ከመድረሷ ቅጠል መበጠሷ እንደሚባለው እኔም ሳልጠይቅ ነው የጀመርኩት፣ አትሳቁ።

ሌላው ደግሞ ይሄ ነው። ከፋጉሎዎቹ አንዱን ለቤት አረድኩ። ሞራው ሳህን ላይ ቆይቶ እንደ ሻማ ደረቀ። የኑግ ዘይት እኮ በነሐሴ ብርድም አይረጋም! የኑግ ዘይት ያለበት መኖ የበላ ፍየል ስቡ ለምን እንዲህ ይሆናል? አንድ ሰው ደግሞ «የግራር ፍሬና ሽፈራው ስጣቸው፣ ስቡን ይለውጠዋል» አለኝ። እውነት አለው?

ሸገር ሉካንዳ፦
ወንድሜ የፍየል ሞራ ሁሌም እንደዛ ነው። 15 ዓመት ቢላ ይዣለሁ። የበሬ ጮማ ሥጋው ላይ ታየዋለህ፣ ፍየል ግን ስቧን የምትደብቀው ሆዷ ውስጥ ነው። ሞራዋና ኩላሊቷ ዙሪያ ተከምሮ ሥጋዋ ቀይ ሆኖ ይወጣል። ደንበኛ «ፍየሉ ከሳ» ይለኛል፣ ሆዱን ከፍቼ ሳሳየው ዝም ይላል። ለዚህ ነው የፍየል ጥብስ በትኩሱ የሚበላው፣ ከቀዘቀዘ ላንቃህ ላይ ይጣበቃል። ሽማግሌዎች ሞራ ገልጠው ዝናቡንም ጦርነቱንም ያያሉ። እኔ የማየው ባለቤቱ ስንት እንዳወጣበት ነው። ለምን ይረጋል ለሚለው የተማረ ይምጣ።

መኖ በየዓይነቱ፦
መጣሁ፣ ግን «የተማረ» የሚለውን ቀንሱልኝ። የእንስሳት መኖ ነው ሥራዬ።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንስማማ። አንተ የምታበላው ፍየሏን አይደለም። የፍየል ትልቁ ጨጓራ፣ እኛ ሩመን የምንለው፣ የጠላ ጋን በለው። ጋን ውስጥ ጌሾውንና ብቅሉን የሚያብላላው እርሾው እንደሆነ ሁሉ፣ እዚያ ውስጥም ገለባውን የሚያፈርሱት ባክቴሪያዎች፣ ፕሮቶዞዋዎችና ፈንገሶች ናቸው። መኖህ መጀመሪያ ለእነሱ ነው የሚቀርበው። ፍየሏ የምትበላው የእነሱን ትራፊና እነሱን ራሳቸውን ነው።

አሁን ኑጉ ይግባ። ከኑግ ዘይት ትልቁ ድርሻ ሊኖሌይክ የሚባል የስብ አሲድ ነው። ጋኑ ውስጥ እንደገባ ባክቴሪያዎቹ መጀመሪያ ዘይቱን ይፈቱታል፣ ማለትም ሦስቱን የስብ አሲዶች ከተያያዙበት ግሊሰሮል ላይ ይቆርጧቸዋል። ችግሩ የተፈታ ሊኖሌይክ ለራሳቸው ለባክቴሪያዎቹ መርዝ መሆኑ ነው። በተለይ ገለባና ሣር የሚያፈርሱትን ይጎዳል። ስለዚህ ይከላከላሉ። እንዴት? ሃይድሮጂን እየጨመሩበት ያጠግቡታል። ሳቹሬትድ ስብ ሲባል የምትሰሙት ይሄው ነው፣ ሃይድሮጂን የጠገበ ማለት ነው። ሂደቱ ባዮሃይድሮጂኔሽን ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1951 ራይዘር የተባለ ተመራማሪ የተልባ ዘይት ከበግ ጨጓራ ይዘት ጋር አቆይቶ ነው ነገሩን መጀመሪያ ያሳየው።

በአንድ ጊዜ አይጠግብም፣ ደረጃ አለው። ሊኖሌይክ መጀመሪያ ሲኤልኤ የሚባል ሌላ የስብ አሲድ ይሆናል፣ ከዚያ ቫክሲኒክ፣ በመጨረሻ ስቴሪክ። ቡቲሪቪብሪዮ የሚባሉት ባክቴሪያዎች በዚህ ሥራ ይታወቃሉ። ከገባው ሊኖሌይክ በአብዛኛው ከ100 ከ70 እስከ 95 የሚሆነው እንዲህ ተለውጦ ነው ከጨጓራ የሚወጣው። ሊኖሌይክ ከዜሮ በታች 5 ዲግሪ ላይም ፈሳሽ ነው። ስቴሪክ የሚቀልጠው 69 ዲግሪ አካባቢ ነው። ሻማ ፋብሪካ የሚገዛው ስቴሪንም በአብዛኛው እሱ ነው፣ ስለዚህ «ሻማ» ያልከው ምሳሌ ብቻ አይደለም፣ ቃል በቃል ልክ ነህ።

ወጠጤው፦
አረ ጉድ። ታዲያ ሁሉም ስቴሪክ ከሆነ ሥጋውም ሻማ መሆን ነበረበት እኮ፣ ለምን ሞራው ብቻ?

መኖ በየዓይነቱ፦
ጥሩ ጥያቄ ነው። ፍየሏም ዝም ብላ አትቀበልም። ገላዋ ውስጥ ስቴሪኩን መልሶ ወደ ኦሌይክ የሚቀይር ኢንዛይም አላት፣ ኦሌይክ የወይራ ዘይት ዋናው ስብ ነው። ከቆዳ ሥር ያለው ስብ ላይ ይሄ ሥራ በደንብ ይሠራል፣ ሞራና ኩላሊት ዙሪያ ያለው ላይ ግን ያንሳል። ሆድ ውስጥ ሙቀቱ ስለማይጎድል እዚያ ያለው ስብ ቢደርቅም አይጎዳትም፣ የውጪው ግን ብርድ አለበት። ሉካንዳው ያለው ልክ ነው።

አሁን ወደ ሲኒህ። ፍየሎችህ ስንት ኪሎ ናቸው?

ወጠጤው፦
ወደ 25 ኪሎ። ሲኒዋ የተለመደችው ናት፣ ትንሿ።

መኖ በየዓይነቱ፦
በል እናስላ። 25 ኪሎ የሆነ ፍየል በቀን የሚበላው ደረቅ መኖ ወደ 900 ግራም ነው። ገለባውም ፉርሽካውም የራሱ ስብ አለው፣ ባጠቃላይ 3 ከመቶ ብንለው 27 ግራም። አንተ ያፈሰስከው ሲኒ 70 ሚሊ ሊትር ቢይዝ ወደ 65 ግራም ዘይት ነው። ድምሩ 92 ግራም፣ ከጠቅላላ መኖው ወደ 10 ከመቶ ይጠጋል። ከ6 ወይም 7 ከመቶ ካለፈ ጋኑ ይበላሻል። ከዚያ በታችም ቢሆን ዘይቱ ብቻውን በአንድ ጊዜ ሲፈስ ይከብዳል፣ ምክንያቱም ገለባውን ይለብሰዋል፣ ባክቴሪያዎቹ ገለባው ላይ መጣበቅ ያቅታቸዋል። ገለባው ካልፈረሰ ጨጓራው አይጎድልም፣ ጨጓራው ካልጎደለ አትበላም። ዘይቱ በራሱ ጉልበት ቢኖረውም በአንድ እጅ ሰጥተህ በሌላው ወሰድክባቸው።

በዚያ ላይ ደጋግሞ የተጠበሰበት ዘይት ነው። እሱን ለማንም አትስጥ፣ ለሰውም ለፍየልም።

ቆለኛው፦
እኔ ዘይት ለፍየል ሲጠጣ ያየሁት ሆዷ ሲነፋ ብቻ ነው። አባቴ ትንሽ የኑግ ዘይት በጠርሙስ ያጠጣትና ያስሮጣታል፣ አረፋው ይበርድላታል። ለማወፈር የሰማሁት ካንተ ነው ወንድሜ 😂

መኖ በየዓይነቱ፦
አባትህ ልክ ናቸው፣ አረፋ ለያዘው መነፋት ዘይት መድኃኒት ነው፣ አረፋውን ይሰብረዋል። ቀስ ተብሎ ይጠጣ እንጂ፣ ሳንባዋ ከገባ ሌላ ጣጣ ነው።

ሸገር ሉካንዳ፦
እና ፋጉሎም ይቅር?

መኖ በየዓይነቱ፦
አይቅር! ፋጉሎ ሌላ ነገር ነው። በመጭመቂያ ከወጣ ኑግ ፋጉሎ ውስጥ፣ እንደ ማሽኑ ቢለያይም፣ ከ100 ግራም ወደ 8 ግራም ዘይት ይቀራል እንበል። በቀን 300 ግራም ብትሰጥ 24 ግራም ዘይት ነው፣ ያውም ከፍሬው ጋር ተጣብቆ ቀስ እያለ የሚወጣ። ይሄ ጋኑን አያናጋም። ፋጉሎ የምትገዛው ግን ለዘይቱ አይደለም፣ ለፕሮቲኑ ነው። ኑግ ፋጉሎ 30 ከመቶ ገደማ ፕሮቲን አለው። የገለባ ችግሩ ባክቴሪያዎቹ ናይትሮጅን ማጣታቸው ነው፣ ፋጉሎው ለእነሱ ሲደርስ ገለባውም መፍረስ ይጀምራል። ስምንቱ የጨመሩት ለዚህ ነው። ለአገሬው ፍየል በቀን ከ60 ግራም በላይ መጨመር ደህና ነው፣ ተስፋ አትቁረጥ።

ቆለኛው፦
አሁን ወደ ግራሩ እንምጣ። እኛ አገር ፍየል ፋጉሎ ምን እንደሆነ አታውቅም። በበጋ የግራር ፍሬ እናራግፍላታለን፣ ቅጠሉንም ቆማ ትለቅማለች፣ እና ሥጋዋ ከከተማ ፍየል ይጣፍጣል። ስቡም አይከብድም። ይሄንን ሳይንሱ ምን ይለዋል?

መኖ በየዓይነቱ፦
እዚህ ጋ ነገሩ ይጣፍጣል። ግራር ውስጥ ታኒን አለ። ታኒን ማለት በጣም የጠቆረ ሻይ ስትጠጣ አፍህን የሚያኮማትረው ነው፣ ቆዳ አልፊዎችም የግራር ልጥ የሚጠቀሙት ለእሱ ብለው ነው። ጨጓራ ውስጥ ሁለት ሥራ ይሠራል። አንደኛ፣ ፕሮቲኑን ይይዘዋል። ባክቴሪያዎቹ ሁሉን አያባክኑትም፣ ከፊሉ ወደ አንጀት ያልፋል። ሁለተኛ፣ ቅድም የቆጠርነውን ደረጃ መጨረሻው ላይ ያዘገየዋል። ቫክሲኒክ ወደ ስቴሪክ እንዲሄድ የሚያደርጉት ባክቴሪያዎች ታኒን ሲበዛ ይደክማሉ። ስለዚህ ቫክሲኒኩ ይጠራቀማል፣ ወደ ሥጋና ወተት ሲደርስ ደግሞ ያው የፍየሏ ኢንዛይም ከፊሉን ወደ ሲኤልኤ ይቀይረዋል። ስለዚህ «ስቡን ይለውጠዋል» ያለህ ሰው ጨርሶ አልዋሸህም።

ግን ሞራህ በግራር ፍሬ ዘይት አይሆንም! ለውጡ በላቦራቶሪ የሚለካ ነው፣ በሳህን የሚታይ አይደለም። ደግሞ ከመጠን ካለፈ ታኒኑ የፕሮቲኑንም የገለባውንም መፈጨት ይገታል፣ ፍላጎቷንም ይዘጋል። ፍየል ከበግና ከላም የተሻለ የምትችለው ምራቋ ውስጥ ታኒንን የሚይዝ ፕሮቲን ስላላት ነው ይባላል። ቢሆንም ዳር አለው። እኔ ብሆን የግራር ፍሬውን ከፋጉሎው ጎን ጥቂት እጨምራለሁ፣ በፋጉሎው ቦታ አላስገባውም።

ሽፈራው የተለየ ነው። ቅጠሉ ደህና ፕሮቲን ያለው ጥሩ መኖ ነው፣ ታኒኑም ጥቂት ነው። ስብ ይቀይራል ብለህ ሳይሆን ፋጉሎ ሲወደድ ምትክ ይሆናል ብለህ ትከለው።

እትዬ ሙሉ፦
ልጆች እኔ የወተት ፍየል ነው ያለኝ፣ ሦስት። ጥያቄዬ ሌላ ነው። ከወተቱ ቅቤ ናጥኩና ነጭ እንደ ወረቀት ሆነ። ምራቴ «ሞራ ቀላቅለሽበት ነው» ብላ ሳቀችብኝ። ደግሞ ለወለደችው ፍየል አብሽ እየሰጠኋት ነው፣ ለአራስ ሰው እንደምንሰጠው። ወተቷ ጨመረ መሰለኝ። ስቡስ?

መኖ በየዓይነቱ፦
እትዬ ሙሉ፣ ቅቤዎ ንጹሕ ነው፣ ምራትዎን ይሄን ያንብቡላት። የላም ቅቤ ቢጫ የሚሆነው ከሣሩ የመጣው ካሮቲን ስቡ ውስጥ ስለሚገባ ነው። ፍየል ግን ካሮቲኑን ወደ ቫይታሚን ኤ ትቀይረዋለች፣ ስለዚህ ወተቷም ቅቤዋም ሞራዋም ነጭ ነው።

ስለ ወተት ስብ ደግሞ አንድ ደስ የሚል ነገር አለ። ላም ብዙ እህልና ዘይት ባንድ ላይ ስትበላ ጨጓራዋ ይጎመዝዛል፣ የስቡ ለውጥ መንገዱን ይስታል፣ ከዚያ የወተቷ ስብ ይወርዳል። ፍየል ላይ ይሄ ብዙም አይታይም። እንዲያውም ልከኛ የቅባት እህል ስትበላ የወተቷ ስብ ከፍ ይላል። ስለዚህ ተልባ መስጠት ከፈለጉ ትንሽ ይችላሉ፣ ግን ይቆላ፣ ይደቆስም። ድፍን ተልባ እንደገባ በጠጡ ውስጥ ይወጣል፣ ጥሬው ደግሞ ሳያናይድ የሚያወጣ ነገር አለው። አብሹን ጥቂት ቢያደርጉት አይከፋም፣ ወተቱ ግን አብሽ አብሽ ሊል ይችላል።

እትዬ ሙሉ፦
ይላል እንጂ! የልጅ ልጄ «አያቴ ወተቱ ሻወር ይውሰድ» አለኝ። ተባረክ ልጄ።

ሥር ማሽ፦
አብሽ ካነሳችሁ፣ ሳፖኒን ያላቸው ተክሎች ፕሮቶዞዋውን ይቀንሳሉ፣ ስቡንም ያሻሽላሉ የሚል አንብቤያለሁ። ሳፖኒን ማለት እንደ ሳሙና የሚያረፋ ነገር ነው። ታዲያ እንዶድ በነፃ ሞልቶ የለ? ትንሽ ብንቀላቅልስ?

መኖ በየዓይነቱ፦
በፍጹም። በፍጹም አልኩ። እንዶድ ማለት ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ ልብስ ከሚታጠብበት ወንዝ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው ያዩበት ተክል ነው። ለቢልሃርዚያ ቀንድ አውጣ ማጥፊያ እንጂ መኖ አይደለም። ፍየል ይገድላል። ሳፖኒን ሁሉ አንድ አይደለም፣ ለመኖ የሚሞከሩት የተለዩ ተክሎች ናቸው፣ ያውም በግራም እየተለኩ። ፕሮቶዞዋውን መቀነስም ሁሌ ለስቡ ጥሩ አይደለም፣ እነሱ ሰውነታቸው ውስጥ ቫክሲኒክና ሲኤልኤ ይዘው ወደ አንጀት የሚያልፉ ናቸው።

ሥር ማሽ፦
እሺ ጌታዬ፣ ተውኩት። መጠየቅ ግን ጥሩ ነው።

የሐዋሳ ተማሪ፦
ስለ ጋኑ ካነሳችሁ ሉሲኒያ በሚባለው የመኖ ዛፍ ላይ የተማርነውን ልጨምር። ሉሲኒያ ውስጥ ሚሞሲን የሚባል መርዝ አለ፣ ብዙ የበላች ፍየል ፀጉሯ ይረግፋል። አውስትራሊያ ውስጥ ይሄ ትልቅ ችግር ነበር፣ ሃዋይ ያሉ ፍየሎች ግን ሉሲኒያ በልተው ምንም አይሆኑም። ሬይመንድ ጆንስ የተባለ ተመራማሪ ነገሩ ከፍየሉ ሳይሆን ከጨጓራው ነዋሪዎች ነው ብሎ ጠረጠረ። የሃዋይ ፍየል ጨጓራ ፈሳሽ ለአውስትራሊያዎቹ ሲሰጣቸው እነሱም ቻሉት። ባክቴሪያዋ ተለይታ በ1992 እ.ኤ.አ. በእሱ ስም ሲነርጂስቴስ ጆንሲ ተባለች። ጎረቤት እርሾ ተዋሰ ማለት ነው። መምህራችን ይሄን ሲነግረን ክፍሉ በሙሉ አጨበጨበ። እኛ ግን ሉሲኒያውን ከጠቅላላው መኖ አንድ ሦስተኛ እንዳያልፍ ነው የምንመክረው።

ሞጆ መንገድ፦
ስብ ስብ ስትሉ ዝም ልል አልቻልኩም። እኔ ለኤክስፖርት ቄራ ነው የምሰበስበው። የዱባይና የሳዑዲ ገዢ ስብ አይፈልግም። ወጣት የቆላ ፍየል፣ ቀላ ያለ ቀጭን ሥጋ። የደጋ ሲሆን ሥጋው ቶሎ ይጠቁራል ብለው ይመልሱብኛል። ስለዚህ ወጠጤው፣ ለማን እንደምትሸጥ ሳትወስን መኖ አትግዛ። ለፋሲካ ሙክት የሚፈልግና ለገልፍ የሚገዛ አንድ ሰው አይደለም።

ሸገር ሉካንዳ፦
እውነት ነው። ለበዓል የሚመጣ ደንበኛ ሙክት ነው የሚለኝ። ያልተኮላሸ ወጠጤ ካረድኩለት «ሸተተ» ብሎ ይመልሰዋል።

መኖ በየዓይነቱ፦
ሽታውም ከስብ ነው እኮ! የወጠጤው ሽታ አራት ኢቲል ኦክታኖይክ ከሚባል ትንሽ ቅርንጫፍ ካለው የስብ አሲድ ነው የሚመጣው። ሲኮላሽ ይቀንሳል። መኖ አይፈታውም።

ሚኒሶታ ያለሁት፦
እዚህ ሲኤልኤ በክኒን ይሸጣል፣ ለማክሳት እያሉ። ታዲያ የፍየል ሥጋ መብላት ያው ነው ማለት ነው? ለበዓል ከእርሻ ፍየል ገዝተን እናርዳለን፣ ቢያንስ ምክንያት ስጡኝ።

መኖ በየዓይነቱ፦
ምክንያት አያስፈልግህም፣ በዓል ነው። ሲኤልኤ ዝነኛ የሆነው እ.ኤ.አ. በ1987 ዊስኮንሲን ላይ የፓሪዛ ቡድን ከተጠበሰ የበሬ ሥጋ ያወጣው ነገር አይጥ ላይ የቆዳ ዕጢ እንደሚቀንስ ሲያሳይ ነው። ከአይጥ ወደ ሰው መንገዱ ረጅም ነው። ክኒኑ ውስጥ ያለው ደግሞ ብዙ ጊዜ ሁለት ዓይነት ተቀላቅሎ ነው፣ ፍየሏ የምትሠራው በዋናነት አንደኛውን ነው። ጥብሱን ብላ፣ ክኒኑን ተወው።

ወጠጤው፦
ዝማኔ። ዘይቱን ካቆምኩ ሦስት ሳምንት ሆነ። አራቱን መጀመሪያ ድርቆሽ ብቻ ሰጠኋቸው፣ ከዚያ ፋጉሎውን በ50 ግራም ጀምሬ በሁለት ሳምንት 300 አደረስኩት። በጠጣቸው ደረቀ፣ ማታ ማታ ሲያመሰኩ ድምፃቸው ይሰማኛል። ሁለቱ ከሌሎቹ ሊደርሱ ነው። የግራር ፍሬ ከጎረቤት ልጆች በጆንያ ገዝቼ በቀን አንድ አንድ እፍኝ እጨምራለሁ። ፋሲካ ግን አለፈችኝ፣ ለሰርግ ገበያ ነው የምይዛቸው። አሁን የቀረኝ አምስት ኩንታል ፋጉሎ ነው፣ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ወለሉ ላይ ከምሬዋለሁ። ይሄንንስ እንዴት ልያዘው?

መኖ በየዓይነቱ፦
ዛሬውኑ ከወለል አንሳው። እንጨት ወይም ድንጋይ ደርድረህ ከላይ አድርገው፣ ከግድግዳም አርቀው። ኑግ ፋጉሎ እርጥበት ካገኘ ይሻግታል፣ አፍላቶክሲን የሚባል የሻጋታ መርዝ ይይዛል። አዲስ አበባ ዙሪያ የወተት ላሞች ላይ በተደረገ ጥናት ለወተቱ አፍላቶክሲን ዋነኛ ምንጭ ሆኖ የተገኘው ይሄው ፋጉሎ ነበር። ከሥር ያሉትን ጆንያዎች ፈትተህ እጅህን አስገባ፣ ከሞቀ ወይም የምድር ቤት ሽታ ካለው ለይተህ አውጣው፣ ለፍየልም ለዶሮም አትስጥ። እትዬ ሙሉም ካሉዎት እንዲሁ ይመልከቱት።

እትዬ ሙሉ፦
አየሁት ልጄ። አንዱ ጆንያ ሥሩ አረንጓዴ ሆኗል። ለሻጩ ልመልስ እየሄድኩ ነው፣ ዣንጥላዬን ይዤ።